አንድ ሞተር፣ አራት ዓይነት መሬት፦ ድሬ ላይ ጎማ መምረጥ ያስተማረን

ይሄን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተር ነው የምጠግነው። ስለ ጎማ የማይጠይቀኝ ደንበኛ የለም፤ ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው። «የትኛው ጎማ ነው ጠንካራ?» ይሉኛል። እንዲህ ሲጠየቅ መልስ የለውም። አሸዋ ላይ የሚያኮራህ ጎማ ድንጋይ ላይ ይጥልሃል።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ አሸዋውንም፣ ድንጋዩንም፣ አስፋልቱንም፣ ጭቃውንም በአንድ ሞተር ላይ ይዞ መጣ። ነገሩን እስክናስተካክል ወራት ፈጅቶብናል። ሁለት ጎማ ከስረናል፤ አንድ ቀን ወድቋል፤ አንድ ቀን ደግሞ እኔ በሰጠሁት ምክር ምክንያት በረሃ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ልጁ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው የጻፍኩት። የእሱንም፣ የመሥሪያ ቤቱንም፣ ጎማ የሸጡለትንም ሰዎች ስም ትቼዋለሁ።

ባለሞተሩና መንገዱ

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ገጠር እየዞረ ከብት፣ ፍየልና ግመል ይከትባል። ሞተሩ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ነው፤ ከኋላው የክትባት ሳጥን ይታሰርበታል። ሳጥኑ በረዶ ሲሞላ 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አንዳንዴ ረዳትም ይጭናል።

ድሬን ለማያውቅ ሰው መሬቱን ልንገረው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በስተደቡብ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። የሀረሩ አስፋልት ደንገጎን እየተጠማዘዘ ይወጣና ከ2,000 ሜትር በላይ ያደርስሃል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ወደ ገጠር የሚገባው መንገድ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ያውም ላዩ ላይ ጠጠር የተበተነበት ድንጋይ። በስተሰሜን ወደ ሽኒሌ ስትወርድ ሌላ ዓለም ነው፤ ሜዳ፣ ጠጠር፣ አሸዋ የሞላባቸው ደረቅ ወንዞች። መሀል ከተማውን የሚሰነጥቀው ደቻቱ ራሱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ ሳታስበው ይመጣል። የ1998ቱን ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ልጅ የለም። ደንገጎን አልፈህ ወደ ሀሮማያ ስትሄድ እርሻ ይጀምራል፤ እሱ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው።

ይሄ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ይረግጣል።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

ታኅሣሥ ላይ አዲስ ጎማ አስገጥሞ መጣ። ከፊትም ከኋላም ጥርሳቸው ረጅምና የተራራቀ፣ ሲያዩዋቸው የሚያስፈሩ ጎማዎች ናቸው። «ጋሼ፣ አሁን አሸዋ አያቆመኝም» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። እኔም ጎማውን በደንብ ሳላየው «በርታ» ብዬ ሸኘሁት።

በሳምንቱ ተመለሰ። «ሞተሩ አቅም አጣ፣ ደንገጎ ላይ በሦስተኛ ማርሽ የምወጣውን በሁለተኛ ነው የምወጣው» አለ። ካርቡሬተሩን ፈታሁ፣ ሻማ ቀየርኩ፣ ፍሪሲዮኑን አየሁ። ምንም የለም። አንድ ቀን ሙሉ ያለፋኝ ነገር ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ነበር።

የሞተሩ የኋላ ጎማ ልክ 110/80-18 ነው። የተገጠመለት ግን 110/100-18 ነበር። ሻጩ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ «110 ነው፣ ያው ነው» ብሎታል። ያው አይደለም። 110 ወርዱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ቁጥር ቁመቱ የወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሃል። የመጨረሻው 18 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። 80 ከሆነ የጎማው ቁመት 88 ሚሊ ሜትር ነው፤ 100 ከሆነ 110። ከላይም ከታችም 22፣ 22 ሚሊ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር የሚሄደው ርቀት ወደ 7 በመቶ ረዘመ። ይሄ ደግሞ ማርሹን እንዳከበድክ ነው የሚቆጠረው። ሜዳ ላይ ላይታወቅህ ይችላል፤ 125 ሲሲ ሞተር ጭነት ይዞ ደንገጎን ሲወጣ ግን በደንብ ይታወቃል።

እንዲሁ እንዳለ ቀጠለበት። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ሌላ ጎማ መግዣ አልነበረውም። እኔም አልገፋሁትም፤ መግፋት ነበረብኝ።

የወደቀበት ቀን

ጥር ላይ ከደንገጎ በታች ካለ አንድ መንደር ሲመለስ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ሸሸበት። ፍጥነት አልነበረውም። ደረቅ፣ ጠንካራ መሬት ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ሽንብራ የሚያካክል ጠጠር ተበትኗል። የፊት ፍሬን ነካ ሲያደርግ ጎማው ከሥሩ ወጣ። ክርኑ ተገሸለጠ፣ የሳጥኑ ክዳን ተሰበረ። ክትባቱ ተርፏል።

ሞተሩን ሲያመጣው የኋላውን ጎማ አወረድኩና ብርሃን ላይ አየሁት። ገና ሁለት ወር ያልሞላው ጎማ ነው። የመሀል ጥርሶቹ ጫፋቸው ክብ ሆኗል። ከሥራቸው፣ ጥርሱ ከጎማው በሚነሳበት ቦታ፣ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ ጀምሯል። ሁለቱ ጭራሽ ግማሻቸው ተቦጭቆ ሄዷል። አንዱን በአውራ ጣቴ ስገፋው ወደ ጎን ተለመጠ። የቀትር አስፋልት ደንገጎ ላይ የሠራው ሥራ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ ለአውራ ጎዳና እንዳልተሠራ በእንግሊዝኛ በግልጽ ተጽፎበታል። ማናችንም አላነበብነውም።

ደቻቱ አጠገብ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጎሚስታ አሉ፤ ጎማውን ይዤ ሄድኩ። ጥፍራቸውን ጥርሱ ላይ ተከሉና ለቀቁት። ምልክቱ ወዲያው ጠፋ። «አቦ፣ ይሄ ደረቅ ላስቲክ ነው። ድንጋይ ለስላሳ ላስቲክ ይወዳል፣ አሸዋ ረጅም ጥርስ ይወዳል። እናንተ ለአሸዋው አልብሳችሁ ለድንጋዩ ላካችሁት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው የሚገለብጠው ይሄን ነው። ለጠንካራ መሬት ጠንካራ ላስቲክ የሚያስፈልግ ይመስለናል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ለጭቃና ለአሸዋ የሚሠራ ጎማ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ነው፤ ወደ መሬቱ ገብቶ ይነክሳል፣ በመሀሉ የገባው ጭቃም ሲዞር ይረግፋል። ድንጋይ ላይ ግን የሚገባበት የለም። የሚነካው በጥቂት ጥርሶች ጫፍ ብቻ ነው፣ እነሱም ረጅም ስለሆኑ ይለመጣሉ፣ ላስቲኩም ስለማይለሰልስ ይንሸራተታል። ለጠንካራ መሬት የሚሠራው ጎማ ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ ነው፤ ላስቲኩ ለስለስ ብሎ የድንጋዩን ቅርጽ ይይዛል። ከሁለቱ መሀል ያለም አለ። ከዚህ ሌላ ደግሞ አስፋልትንም ፒስታንም ታሳቢ አድርጎ የተሠራ፣ ጥርሱ ሰፋፊ ብሎኬት የሆነ ጎማ አለ።

ደብተሩ

የካቲት ላይ አንድ ደብተር ሰጠሁት። «ማታ ማታ የሄድክበትን ኪሎ ሜትር በመሬት ዓይነት ከፍለህ ጻፍ። በግምት ይሁን፣ ግን እዚያው ቀን ጻፈው» አልኩት። ከመጀመሩ በፊት ግምቱን ጠየቅኩት። «ግማሹ አሸዋ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳይጠራጠር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጭ ብለን ደመርን። ከየ10 ኪሎ ሜትሩ 5ቱ አስፋልት ነው። 3 ያህሉ ደረቅ ፒስታና ድንጋይ። አሸዋው 2 እንኳን አይሞላም። ጭቃ ገና ወቅቱ ስላልነበረ ዜሮ ነው። ልጁ ደብተሩን ወስዶ እንደገና ደመረው። አልዋሸም፤ አሸዋው ላይ ነው የሚቸገረው፣ አሸዋው ላይ ነው ሞተሩን ወርዶ የሚገፋው፣ ስለዚህ ሲያስብ የሚመጣለት አሸዋው ነው። አስፋልቱ ላይ ያለፈው ሰዓት ምንም ስላላስቸገረው ከነመኖሩም ተረስቷል።

ጎማውን ሲገዛ ያሰበው የሚፈራውን መሬት ነው። የሚበዛውን መሬት ማንም አልጠየቀውም። እኔም ጭምር።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃችን ራሱ ስህተት ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን ያገለገለ የኋላ ጎማ ገዛን። ልኩ ትክክል ነው፣ ጥርሱም ያላለቀ ነው። ከገጠምኩት በኋላ ነው የተሠራበትን ቀን ያየሁት። ጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር በሞላላ ክብ ውስጥ ታገኛለህ፤ ለምሳሌ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የኛው ከአስር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በጥርሶቹ መሀል ተሰነጣጠቀ። በላስቲክ ላይ ዕድሜና የድሬ ፀሐይ ሲደመሩ ጥርስ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው።

መጋቢት ላይ አዲስ ገዛን። ከኋላ በትክክለኛው ልክ፣ በ110/80-18፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆነውን፣ ጥርሱ የተጠጋጋ ብሎኬት የሆነውን። ከፊት በ80/90-21 ከዚያ በረታ ያለ ጥርስ ያለውን፣ መካከለኛውን መረጥን። ሁለቱን ለምን ለያየን? የኋላው ኃይል ተሸክሞ አስፋልቱ ላይ የሚፋቅ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ለእሱ ዕድሜ ያስፈልገዋል። የፊቱ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቅ፣ ግን አሸዋና ጠጠር ላይ መሪውን የሚይዝልህ እሱ ነው፤ የኋላው ቢንሸራተት ትመልሰዋለህ፣ የፊቱ ከሸሸ ግን መሬት ላይ ነህ። ጭነቱንም አየን። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ይናገራል፤ 51 ካለ 195 ኪሎ ነው። ልጁ፣ ሳጥኑና ረዳቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይሄ ቁጥር ዋጋ አለው።

ከዚያ ወደ አየሩ ሄድን። ልጁ ጎማውን የትም ቦታ በ32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ነበር የሚነዳው፤ ኮምፕሬሰር ያለው ልጅ «ደህና ነው» እስኪለው ድረስ አስነፍቶ ይሄዳል። በዚያ አየር አሸዋ ላይ ጎማ ይቆርጣል እንጂ አይንሳፈፍም። «አሸዋ ስትደርስ ወደ 14 አውርደው» አልኩት። ሠራ። በጣም ሠራ፤ ከሽኒሌ ወዲያ ሞተሩን መግፋት ያቆመው ያኔ ነው። ስልክ ደውሎ ነው የነገረኝ።

በአራተኛው ቀን ደግሞ ደወለ። ቆሟል። የኋላው ጎማ በአንዴ ተነፈሰ፤ የውስጥ ጎማው መንፊያ አፉ ከሥሩ ተገንጥሏል። እንዲህ ሲሆን መለጠፍ አይቻልም፤ መጠባበቂያም አልያዘም ነበር። ፀሐይ ላይ ለሰዓታት ቆይቶ በጭነት መኪና ነው የተመለሰው።

ጥፋቱ የኔ ነው። አየር ሲወርድ ጎማው ቸርኬውን ጨብጦ መያዝ ያቅተዋል። ጋዝ በሰጠህ ቁጥር ቸርኬው ትንሽ ቀድሞ ይዞራል፣ ጎማው ወደኋላ ይቀራል። የውስጥ ጎማውን ይጎትተዋል፤ መንፊያው ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዟል። ያጋድላል፣ ያጋድላል፣ በመጨረሻ ይቆረጣል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ እቃ አለ፤ ጎማውን ከውስጥ ቸርኬው ላይ የሚያጣብቅ፣ ብሎኑ በቸርኬው ቀዳዳ የሚወጣ ቁራጭ ነው። ያንን ሳልገጥም ነው አየር አውርድ ያልኩት። ካረጀ የውድድር ሞተር ላይ አንድ አግኝቼ ቸርኬውን በስቼ ገጠምኩለት። በወፍራም የውስጥ ጎማም ቀየርኩ። የመንፊያውን ነት ደግሞ ቸርኬው ላይ ማጥበቅ ተውን፤ ወደ ክዳኑ ገፋ አድርገን እንተወዋለን። እንዲህ ከሆነ መንፊያው ማጋደል ሲጀምር በዓይን ይታያል፣ ሳይቆረጥም ትደርስበታለህ።

ለእሱ ሞተርና ጭነት የሠራው አየር ይሄ ነው። አስፋልት ላይ ከፊት 22 ከኋላ 26፣ ረዳት ሲጭን ከኋላ 29። ድንጋይና ፒስታ ላይ 19 እና 22። አሸዋ ላይ 14 እና 15፣ በቀስታ ብቻ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር አየሩም ወደ 1 ፒኤስአይ ይጨምራልና በድሬ ቀትር የምትለካው ያታልልሃል። መለኪያና የእጅ ፓምፕ ከሳጥኑ ሥር አስሯል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ደንገጎ ላይ ሦስተኛ ማርሹ ተመለሰ። ጠጠር በተበተነበት ቁልቁለት ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። አሸዋ ላይ ድሮ ከነበረው ረጅም ጥርስ ትንሽ ይከብደዋል፤ ይሄን አልደብቅም። ግን በ14 ፒኤስአይ ያለ መካከለኛ ጎማ በ32 ካለ የአሸዋ ጎማ ይሻላል፤ ሁለቱንም እዚያው ደቻቱ ላይ ተራ በተራ ሞክረናቸዋል።

ያጣበቅንበት ብረት ጎማውን በአንድ ጎን ስላከበደው ከ70 በላይ ሲነዳ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። በተቃራኒው በኩል ክብደት አስረን ቀነስነው እንጂ አልጠፋም።

አንድ ጊዜ ከአሸዋ ወጥቶ ሳይነፋ ድንጋይ ውስጥ ገባ። የውስጥ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቆንጥጦ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ተበሱበት፣ ልክ እባብ እንደነደፈው። አየር ማውረድ የለመደ ሰው መልሶ መንፋትንም መልመድ አለበት፤ ፓምፑ ያደክማል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ስለዚህ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ መሄድ በጣም ቀላል ነው።

ጭቃውን አልቻልነውም። ሐምሌ ላይ በሀሮማያ በኩል እርሻ ውስጥ ገብቶ የጎማው ጥርሶች በጭቃ ተደፍነው ጎማው እንደ ኳስ ልሙጥ ሆነ። ለክረምቱ ብቻ የጭቃ ጎማ እንቀይርለት ብለን አሰብን፤ አንድ ጊዜም አሮጌውን መልሰን ሞከርነው። ግን እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ደንገጎን በአስፋልት መውጣት አለበት፣ ያውም በእርጥብ አስፋልት፣ በእነዚያ በሚለመጡ ጥርሶች። ተውነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሞተሩን አስፋልቱ ዳር ያለ ሰው ግቢ አቁሞ ሳጥኑን በአህያ ይጭናል። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተነጋግሮም የደጋውን መንደሮች ፕሮግራም ወደ መስከረም መጨረሻ ገፍቶታል።

ለሌላ ባለሞተር የሚሆነው

ሰው አሁን ሲጠይቀኝ ስለ ጎማ አላወራም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ጻፍ እለዋለሁ። ጫት ወደ አወዳይ የሚያመላልስ ልጅ ከሆነ መልሱ ከዚህ ልጅ ፈጽሞ ይለያል፤ ባቢሌ በኩል የሚሠራም እንደዚያው።

ጎማ ከመግዛትህ በፊት አየሩን አስተካክልና ሞክር። ብዙ ጊዜ «ጎማው አልሆነም» የሚባለው አየሩ ያልሆነ ነው፣ መለኪያ ደግሞ ከጎማ በጣም ይረክሳል። ከ20 በታች አዘውትረህ የምትወርድ ከሆነ ግን ጎማውን ከቸርኬው የሚያጣብቀው ብረት ይኑርህ።

ሱቅ ስትሄድ ጎኑን እስከ መጨረሻው አንብብ። ሦስቱንም የልክ ቁጥሮች፣ ጭነቱን፣ የተሠራበትን ሳምንት፣ ለመንገድ የተፈቀደ መሆኑን፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት። ሻጩ ቢቸኩልም አንተ አትቸኩል። ከዚያ ጥፍርህን ጥርሱ ላይ ትከል።

አንድ ጎማ የማይችለው መሬት ካለ ደግሞ ሁሉንም በጎማ ለመፍታት አትታገል። መንገዱን ወይም ወቅቱን መቀየር የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ያለበት

የኋላው ጎማ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። የመሀል ጥርሶቹ ግማሽ ደርሰዋል፣ የተቦጨቀ የለም። የፊቱ ገና ነው። ባለፈው ሳምንት ጋራዥ መጥቶ መንፊያው ትንሽ እንዳጋደለ አሳየኝ፤ እሱ ራሱ ነው ያየው። አየሩን አስወጥቼ፣ የውስጥ ጎማውን ዱቄት ነስንሼ መልሼ አስተካከልኩለት። ብረቱንም እንደገና አጠበቅኩት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሽኒሌ ወርዷል።